ርክበ ብናኝ ምንድን ነው?

የቤተ ክርስቲያን ሰው «ርክበ ካህናት» ሲል የካህናትን መገናኘት ማለቱ ነው። የሳይንስ መጽሐፍ ደግሞ «ርክበ ብናኝ» ይላል። ቃሉ ከበድ ቢልም ነገሩ ቀላል ነው፤ ከአበባ ወንዴ ክፍል የሚወጣው ደቃቅ ዱቄት ሴቴው ክፍል ላይ ሲያርፍ ርክበ ብናኝ ተካሄደ ይባላል። ፍሬውም ዘሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ችግሩ ተክል እግር የለውም። በቆሎ ብናኙን ለነፋስ ይሰጣል። ጤፍ ጉዳዩን እዚያው በራሱ አበባ ውስጥ ይጨርሳል። ኑግ ግን ከሌላ ኑግ የመጣ ብናኝ ካላገኘ ደህና ዘር አይቋጥርም፤ ዋናዋ መልእክተኛም ንብ ናት። ከኑግ ማሳ አጠገብ የተሰቀለ ቀፎ የሚጠቅመው የማሩን ባለቤት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

መልእክተኞቹን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አጥር ጥግ ያለው ግራዋ ሲያብብ፣ ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል፣ በርጩማ ይዞ አጠገቡ መቀመጥ ይበቃል። (ጥላችሁ አበባው ላይ አይረፍ፤ ቢራቢሮ ጥላ ካየች አትቆይም።) መጀመሪያ ዓይን የምትስበው ቢራቢሮዋ ናት። ተጠቅልሎ የነበረውን ቀጭን ቱቦ ዘርግታ ጣፋጩን ፈሳሽ ትመጥጣለች። ነገር ግን ረጃጅም እግሮቿ ላይ ቆማ ስለምትቀስም ሰውነቷ ብናኙን ብዙም አይነካም። ውበቷ አያከራክርም፤ ሥራ ማየት የሚፈልግ ግን ንቧን ይከተል።

ንቧ አበባው ውስጥ ትርመሰመሳለች። ጸጉራም ገላዋ በዱቄት ይለወሳል፤ በእግሮቿ አበጥራ ትሰበስበውና የኋላ እግሮቿ ላይ እንደ ትንሽ ድብልብል ሊጥ ትጠፈጥፈዋለች። ይህ ለቤቷ የሚሄድ ስንቅ ነው። ተክሉ የሚጠቀመው ጸጉሯ ላይ ተጣብቆ በቀረው ትርፍራፊ ነው። በአንድ ጉዞዋ አንድ ዓይነት አበባ ላይ ማዘውተር ስለምትወድ የግራዋው ብናኝ ለሌላ ግራዋ ይደርሳል።

ንብ የሚመስል ሁሉ ግን ንብ አይደለም። አየር ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ቢጫና ጥቁር የተሸለመ ዝንብ አለ። ክንፉን ቁጠሩ፤ የንብ አራት ሲሆን የእሱ ሁለት ነው። አይናደፍም፤ ብናኝ ግን ያደርሳል።

ቢራቢሮዋን የናቅኋት እንዳይመስል ልጇንም ላንሳ። እናት የምትቀስመው ከአበባ ነው፤ ልጅ የሚያድገው ግን በቅጠል ነው፤ ያውም በተመረጠ ቅጠል። የልምጭ ወይም የሎሚ ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር ካያችሁ መድኃኒት ከመርጨታችሁ በፊት ጠጋ በሉ። ምናልባት የቢራቢሮ ትል ነው፤ ሲያድግ ይህን መልኩን ጥሎ ቅጠል ይመስላል። በስንጥር ነካ ቢያደርጉት ከአናቱ ጀርባ ባለ ሁለት ጫፍ ቀይ ቀንድ ብቅ ያደርጋል፤ አፍንጫ የሚይዝ ሽታም ይለቃል።