«የሻህ ዓለም መንግሥት፣ ከዴልሂ እስከ ፓለም»

ይሄን አባባል ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት እንዴት ቀላል መሰላችሁ። የዴልሂ ሰዎች የሚሉት በፋርስኛ ነው፦ «ሰልተነተ ሻህ ዓለም፣ አዝ ዴልሂ ታ ፓለም»። ቤት ይመታል። «ሻህ» ንጉሥ ነው። «ዓለም» ደግሞ ያው የኛው ዓለም ነው፤ ፋርስኛ ከዓረብኛ ወሰደው፣ ዓረብኛና ግዕዝ ደግሞ ዘመዳሞች ናቸው። እንግዲህ ሰውየው የዓለም ንጉሥ ነው። ግዛቱ ግን ፓለም ላይ ያልቃል።

ፓለም የት ናት? ከቤተ መንግሥቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ መንደር ነበረች። ዛሬ የዴልሂ ኤርፖርት አጠገብ ናት፤ ኤርፖርቱም ድሮ የሚጠራው በሷ ስም ነበር። ከአዲስ አበባ በርሮ እዚያ የወረደ መንገደኛ ገና ሻንጣውን ሳይቀበል የዓለምን ንጉሥ ድንበር ረግጧል ማለት ነው።

የተቀለደበት ሰው ዳግማዊ ሻህ ዓለም ነው፤ ከ1759 እስከ 1806 የነገሠ፣ ህንድን ይገዛ የነበረው የሙጋል ሥርወ መንግሥት ንጉሥ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ችግሩ ከሱ በፊት ጀምሯል፤ በ1739 የፋርሱ ናድር ሻህ ዴልሂን ዘርፎ የፒኮክ ዙፋኑን ሳይቀር ይዞ ሄዷል። ሻህ ዓለም ደግሞ በ1764 ቡክሳር ላይ በእንግሊዞች ተሸነፈ፣ በዓመቱ የቤንጋልን፣ የቢሃርንና የኦሪሳን ግብር የመሰብሰብ መብት ለእንግሊዝ የንግድ ኩባንያ ፈርሞ ሰጠ፣ ወደ ራሱ ዋና ከተማ እንኳ የገባው በ1772 ነው፣ ያውም ማራታዎች የሚባሉት የምዕራብ ህንድ ተዋጊዎች ደግፈውት። በ1788 ጉላም ቃድር የሚባል የሮሂላዎች (በሰሜን ህንድ የሰፈሩ አፍጋኖች) አለቃ የተደበቀ ሀብት አምጣ ብሎ ቤተ መንግሥቱን አስቆፈረ፤ የንጉሡንም ዓይን አጠፋ። ንጉሡ ራሱ ገጣሚ ነበር። የብዕር ስሙ «አፍታብ»፣ ማለትም ፀሐይ። ዓይኑ ከጠፋ በኋላም ስለ ራሱ ሙሾ ጽፏል።

ያ ዘመን በኡርዱ (በዴልሂ ሰዎች ቋንቋ) ለሚገጥሙ ገጣሚዎች «ሻህር አሾብ» የሚባለውን የግጥም ዓይነት አበልጽጎላቸዋል። ቃሉ «ከተማ በጥባጭ» እንደማለት ነው። መጀመሪያ በፋርስኛ፣ ከተማውን በውበታቸው ስለሚያምሱ ቆንጆ ባለሙያዎች የሚገጠም ነበር። ኡርዱ ላይ ሲደርስ በጥባጩ ውበት መሆኑ ቀረና ረሃብና ሥራ ማጣት ሆነ።

እኔን የሚያስቀኝ ግን የሳውዳ ፈረስ ነው። ሳውዳ በ1781 የሞተ ትልቅ ገጣሚ ነው። በግጥሙ ውስጥ የፈረሱ ጌታ ደመወዝ ያገኛል፣ ፈረሱ ግን ቀለብ አያይም። ማራታዎች ሲመጡ ባለፈረሱ ይዘምታል። ከፊት አሽከሩ የቀለብ ከረጢት ያሳየዋል፣ ከኋላ ሌላው በዱላ ይነርተዋል። ፈረሱ ወይ ፍንክች። አላፊ አግዳሚው ይሰበሰባል፤ አንዱ መንኮራኩር ግጠሙለት ሲል ሌላው ሸራ ስቀሉበትና ንፋስ ይውሰደው ይላል። በመጨረሻ ጀግናው ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ፈረሱን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ወደ ከተማ ይፈረጥጣል። የሙጋል ጦር ምን እንደሚመስል ለማወቅ ከዚህ በላይ የታሪክ መጽሐፍ አያስፈልግም።

ወደ አባባላችን እንመለስ። ዛሬ የሚባለው ማዕረጉ ሰማይ ነክቶ ትእዛዙ ከደጁ ለማያልፍ ሰው ነው። ደስ የሚለው ነገር ቀልዱ ለሻህ ዓለም የተፈጠረ አለመሆኑ ነው። ከሱ 300 ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዴልሂን ይገዛ የነበረው የሰይድ ሥርወ መንግሥት የመጨረሻው ሱልጣን ዓለም ሻህ ነበር፤ ያው ስም፣ ተገልብጦ። እሱም ከዴልሂ እስከ ፓለም ብቻ ነው የሚገዛው ተብሎበታል። ኋላም ዴልሂን ትቶ ባዳዩን የምትባል ከተማ ገባ፣ በ1451 ባህሉል ሎዲ የሚባል የአፍጋን አለቃ ዴልሂን ያዘ። ስለዚህ የ18ኛው ክፍለ ዘመን አሽሟጣጭ ብዙም አልደከመም። ስሙም፣ ድንበሩም፣ ቤት መምቻውም ተዘጋጅተው ጠበቁት።