ሐዋሳ በጠረጴዛ ላይ፦ ለቤተሰብ የሚና ጨዋታ መልክዓ ምድር መሥራት

የሚና ጨዋታ አድማጮቹ ራሳቸው ገጸ ባሕርይ የሚሆኑበት ተረት ነው። ከቤተሰቡ አንዱ ታሪኩን ይመራል። ሌሎቹ ጀግና ወይም ጠንቋይ ሆነው ይገባሉ። ዘንዶው መመታት አለመመታቱን ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይወስናል። ፈር ቀዳጁ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ሠርተውት በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ታተመ።

ያለ ምንም ዕቃ በቃል ብቻ መጫወት ይቻላል። ገደሉና ድልድዩ ጠረጴዛ ላይ ሲቆም ግን «ማን የት ነበር?» የሚለው የልጆች ክርክር ያበቃል።

ከሁሉ በፊት ልኬት ነው። መጫወቻው ገጸ ባሕርያቱ በሚራመዱባቸው ካሬዎች ይከፈላል። የተለመደው ካሬ ጎኑ 1 ኢንች (2.54 ሳንቲ ሜትር) ሲሆን፣ በታሪኩ ውስጥ 5 ጫማ፣ ማለትም 1.5 ሜትር ገደማ ይወክላል። እኔ በቤት ለሚሠራው 3 ሳንቲ ሜትር እመርጣለሁ። ምክንያቱ ቆርኪ ነው። የለስላሳ ቆርኪ ስፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ከካርቶን የተቆረጠ ሰው ሲያቆሙበት ካሬው ውስጥ ልክክ ይላል። 30 በ30 የሆነ ካርቶን 10 በ10 ካሬ ይወጣዋል።

ሐዋሳ ለዚህ ሥራ የታደለች ናት። ከተማዋ ያለችው በጥንታዊ እሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ስለሆነ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ በአካባቢው ይገኛል። ጡጫ የሚያህል ስባሪ ሲቆም ሙሉ ገደል ይመስላል።

ለአፈር የቡና አተላን የሚያህል የለም። በረካ ከተጠጣ በኋላ ጀበናው ውስጥ የቀረውን ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል፤ ሁለት ሦስት ቀን ይሰጠው። ከዚያ ካርቶኑን ነጭ ኮላ ቀብቶ መነስነስ። አረንጓዴ የተነከረ ሰጋቱራ ሣር ይሆናል። ቃጫ ተቆርጦ ሲተከል የሐይቅ ዳር ቄጠማ ነው። ስቴኪኒ ደግሞ አጥር። የሲዳማን የቀርከሃ ቤት ለመሥራት ስንጥር መጎንጎን ያስፈልጋል። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ልጆች ከሁሉ የሚኮሩበት እሱ ነው።

የቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎም ለግንብ ይመቻል። ስፕሬይ ቀለም ግን እንዳይነካው። ውስጡ ያለው ማሟሚያ ይበላዋል። እኛ አንድ ግንብ እንዲህ አጥተናል፣ ልጄ አልቅሳበታለች። በውሃ የሚቀጠን የግድግዳ ቀለም ይሻላል። መጀመሪያ ጥቁር ግራጫ፣ ሲደርቅ ብሩሹን ጨርቅ ላይ ጠርጎ በነጣ ያለ ግራጫ ጫፍ ጫፉን ብቻ ነካ ነካ ማድረግ። ድንጋዩ ያኔ ነፍስ ይዘራል። በካተር መቁረጥ የአዋቂ ሥራ ነው።

ሐይቁ ትዕግሥት ይፈልጋል። ካርቶኑ ሰማያዊ ተቀብቶ ኮላ በስሱ ይፈስበታል። ሲፈስ ነጭ ነው፣ ሲደርቅ ይጠራል። በቀን አንድ ሽፋን ይበቃል፤ ከወፈረ መሐሉ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ዳር ላይ፣ የዓሣ ገበያው ባለበት አሞራ ገደል በኩል፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ይቁም። ቁመቱ እስከ 1.5 ሜትር ስለሚደርስ፣ በዚህ ልኬት የጀግናው ትከሻ ጋ ይደርሳል።