በአሮጌ ቮልስ ላይ ውሃና ዝገትን መፈለግ

ቮልስ አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም ሲነዳ ይታያል። በብዛት የምናያቸው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሠሩት ናቸው። ይህ መኪና ከ1938 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ሲመረት ቆይቶ ቁጥሩ ከ21 ሚሊዮን አልፏል። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የለውም። ቢደክም ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ ይመለሳል። ቮልስን የሚጨርሰው ሞተሩ ሳይሆን የላሜራው መበላት ነው። ስለዚህ አሮጌ ቮልስ የሚገዛ ሰው የሞተሩን ድምፅ ከመስማቱ በፊት ምንጣፉን ቢያነሳ ይሻለዋል።

ዝገት የሚፈጠረው ብረት፣ ውሃና አየር ሲገናኙ ነው። የዛገ ብረት ካልዛገው የበለጠ ቦታ ይይዛል። በዚህም ምክንያት ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያሳብጠዋል። ቀለሙ ላይ ትንሽ እብጠት ሲታይ ላሜራው ከውስጥ በኩል ከተበላ ብዙ ጊዜ ሆኖታል ማለት ነው። ጨው ደግሞ ነገሩን ያፋጥነዋል። እንደ ምጽዋ ወይም ጅቡቲ ባሉ የባሕር ዳር ከተሞች የኖረ መኪና ቶሎ የሚዝገውም ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የባሕር ጨው የለም። ነገር ግን የበጋው ፀሐይ የመስታወቱንና የበሩን ጎማ አድርቆ ይሰነጥቀዋል። ከዚያ ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ በዚያው ስንጥቅ ይገባል።

የቮልስ አካልና ወለል ለየብቻ የተሠሩ ናቸው። አካሉ ወለሉ ላይ ተቀምጦ በብሎን ይታሰራል፤ በመካከላቸውም ማሸጊያ ጎማ አለ። በግራና በቀኝ፣ ከበሮቹ ሥር፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ረጅም ላሜራ ያልፋል። የማሞቂያው ቦይ ይህ ነው። ከሞተሩ ጋር የተያያዘው ማሞቂያ ያሞቀው አየር በዚህ ቦይ አልፎ ወደ እግርና ወደ ፊት መስታወት ይሄዳል። ቦዩ አየር ከማሳለፍ ሌላ ትልቅ ሥራ አለው፤ የአካሉን ክብደት ተሸክሞ ቀጥ የሚያደርገው እሱ ነው።

ዝገት በብዛት የሚጀምረውም እዚሁ ነው። ጎማው የሚረጨው ጭቃ ከእግር መርገጫው ሥር ይጠራቀማል። ከላይ ደግሞ በበርና በመስታወት የገባው ውሃ ወደ ወለሉ ጠርዝ ይወርዳል። ቦዩ ከውጭም ከውስጥም ይበላል፣ ግን ቶሎ አይታይም። ምልክቶቹን ማወቅ ያስፈልጋል። አንዱ ምልክት በሩ ሲከፈት ወደ ታች መውረዱ፣ ሲዘጋም ተነስቶ ካልሆነ አለመግጠሙ ነው። ይህ የማጠፊያ ችግር ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አካሉ ራሱ ጎብጦም ሊሆን ይችላል። ሌላው በሐምሌ ዝናብ የፊት መስታወቱ በጉም ተሸፍኖ አልጠራ ማለቱ ነው፤ ሙቀቱ በቦዩ ቀዳዳ እየወጣ ሊሆን ይችላል። ክሪክ ሲገባ የሚጮህ ወይም የሚሰምጥ ላሜራ ካለ ደግሞ ላሜራው መበላቱ እርግጥ ነው። ማሞቂያው ሲከፈት የጭስ ማውጫ ሽታ ከመጣ መኪናውን አቁሙትና አስመርምሩት። ጭሱ ሰው ይገድላል።

ባትሪውም ብዙ ሰው የሚረሳው ቦታ ላይ ነው ያለው፤ ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል። ከባትሪው የሚወጣው አሲድ ቀለሙን ልጦ ወለሉን ይበላዋል። ወንበሩን አንስታችሁ ባትሪውን አውጡትና ሥሩን እዩት። ስትመልሱት የባትሪውን መሸፈኛ አትርሱ፤ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፎች ከነካ እሳት ይነሳል።

ከፊት ኮፈን ሥር ስኮርታው (ተጠባባቂው ጎማ) የሚቀመጥበት ጉድጓድ አለ። የኮፈኑ ጎማ ከደከመ ውሃው እዚያ ይቋጠራል። ስኮርታው ስለሚሸፍነው ማንም አያየውም። ከ1968 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡት ሞዴሎች ደግሞ ከፊት መስታወቱ በታች አየር የሚያስገባ ወንፊት አለ። ከእሱ ሥር ያለው የውሃ ማፍሰሻ በቅጠልና በአቧራ ከተደፈነ ዝናቡ ወደ ውስጥ ይፈስሳል።

በር ውስጥ ውሃ መግባቱ በራሱ ጥፋት አይደለም። የበሩን መስታወት ታክኮ የሚወርድ ውሃ በታች ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች እንዲወጣ ተደርጎ ነው የተሠራው። ጥፋቱ ቀዳዳዎቹ በጭቃ ሲደፈኑ፣ ወይም ከበሩ የውስጥ ልባስ ጀርባ ያለው ላስቲክ ሲቀደድ ይመጣል። ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ መክፈት ምንም ወጪ የለውም።

ውሃው የሚገባበትን ለማግኘት መኪናው መጀመሪያ መድረቅ አለበት። ምንጣፉና ከሥሩ ያለው ድምፅ ማፈኛ በሙሉ ይነሳ። ወለሉ ላይ ጋዜጣ ይነጠፍ። ከዚያ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሌላው ከውጭ በጎማ ቱቦ ውሃ ያፈስሳል። ማፍሰስ የሚጀመረው ከታች ነው፤ በሩ ሥር፣ ቀጥሎ የበሩ ዙሪያ፣ ከዚያ የመስታወቱ የታችኛው ማዕዘን፣ በመጨረሻ ላይኛው ክፍል። አንዱ ቦታ ላይ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆዩ ወደሚቀጥለው ማለፍ አይገባም። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ያረጥብና ምንጩ ይጠፋል። ግፊት ያለው የእጥበት ቤት ማሽንም አይመከርም፤ ዝናብ በማያስገባ ቦታ እንኳን ውሃ ያስገባል።

ውሃ የሚታይበት ቦታና የገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። በፊት መስታወቱ ማዕዘን የገባ ውሃ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ተንሸራቶ ሾፌሩ እግር ሥር ይወጣል። በኋላ መስታወት የገባው ደግሞ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ወዳለው የዕቃ ቦታ ይወርዳል። ስለዚህ እርጥቡን መንገድ በጣት እየነኩ ወደ ላይ መከተል ነው። ውሃ ሳያፈስሱም ማታ ጨለማ ውስጥ መብራት ከውስጥ አብርቶ ከውጭ መመልከት ይቻላል። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ውሃም ያሳልፋል።

ገዢ ከሆናችሁ ማግኔት ያዙ። በቀጭን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከበሩ በታች፣ በፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ባለው ሽፋን) ጠርዝና በመስታወቱ ዙሪያ አስጠጉት። ላሜራ ላይ ይጣበቃል፤ ወፍራም ስቱኮ (የላሜራን ጉድለት መሙያ ልጥፍ) ላይ ግን ይላላል ወይም ይወድቃል። ከሥሩ አዲስ ሬንጅ የተቀባ መኪናም ያጠራጥራል። ሬንጁ ጥሩ ላሜራ ላይ ከተቀባ ይጠብቃል። ዝገት ላይ ከተቀባ ግን እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል።

ጥገናው ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ውሃው ይቁም፣ ከዚያ ዝገቱ ይቆረጥ፣ ቀለሙ መጨረሻ ይምጣ። ውሃው ሳይቆም የሚሠራ ስቱኮና ቀለም ሻጩን እንጂ መኪናውን አይጠቅምም፤ በሚቀጥለው ክረምት ያብጣል። የዛገው ላሜራ ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ድረስ ይቆረጣል፤ በቦታው አዲስ ላሜራ ይበየዳል። የማሞቂያው ቦይ የሚቀየር ከሆነ በያጁ ከመቁረጡ በፊት የበሩን ክፍተት በብረት መደገፍ አለበት። ካልደገፈው አካሉ ይወርድና በሩ ዳግመኛ አይገጥምም። ከብየዳ በኋላ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል፣ መጋጠሚያው ይታሸጋል።

ያገለገለ በር ወይም ኮፈን ፈልጎ መግዛት ይቻላል። የመስታወትና የበር ጎማ ግን ያገለገለ ባይገዛ ጥሩ ነው፤ ያም በፀሐይ የደረቀ ነው። ከሥር የተቃጠለ ዘይት መርጨትም የተለመደ ነው። ዝገትን ትንሽ ያዘገያል፤ ነገር ግን ከጎማ የተሠሩ ክፍሎችን ያበላሻል፣ ፍሬን ላይ ከደረሰም አደገኛ ነው።

ምንጣፉን ለመመለስ አትቸኩሉ። የድሮው ድምፅ ማፈኛ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለሳምንታት እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ አሮጌውን ጥሎ በአዲስ መተካት ይመረጣል። አንድ ሁለት ጠንካራ ዝናብ እስኪያልፍ ወለሉ ባዶ ይሁን፤ ጋዜጣው ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ምንጣፉ ይመለስ።