ምስላዊ ግጥም ምንድን ነው? በ“የሚከራይ ድምፅ አለ” መነሻነት

ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ባጃጆች ተሰልፈው ሰው ከሚጠብቁበት ጥግ፣ የዕድራችንን ቲሸርት የምናሳትምባት ጠባብ ሱቅ አለች። በቀደም ልጁ ሥራውን እስኪጨርስ ስጠብቅ ወለሉ ላይ የወደቀ የሙከራ ወረቀት አነሣሁ። አታሚ ቀለም ሲሞክር ያንኑ ወረቀት ደጋግሞ ይጠቀምበታል፤ የትናንቱ ሥራ ላይ የዛሬው ይደረባል። በዚህኛው ላይ ከሥር “የሚከራይ ቤት አለ” የሚል የደላላ ማስታወቂያ ነበረ። “ቤት” ከምትለው ቃል ላይ ደግሞ ከአንድ የምርጫ ቅስቀሳ የተረፈች ወፍራም ጥቁር “ድምፅ” ተጭናባታለች። አንድ ላይ ሲነበብ “የሚከራይ ድምፅ አለ” ይላል።

ይህን ማንም አስቦ አልጻፈውም። ሆኖም ምስላዊ ግጥም ምን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሰው ከዚያ ወረቀት የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

ምስላዊ ግጥም ቃላቱ የተቀመጡበት ሁኔታ ራሱ የትርጉሙ ክፍል የሆነበት ግጥም ነው። የፊደሉ ውፍረት፣ ቀለሙ፣ መደራረቡ፣ ባዶ የተተወው ቦታ፣ ሁሉም ይናገራሉ። መለያው ቀላል ነው፤ ግጥሙን ለወዳጅዎ በስልክ ያንብቡለት። ምንም ካልጎደለበት ተራ ግጥም ነው። “ይሄማ ካላየሁት አይገባኝም” ካለዎት ግን ምስላዊ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የሮድሱ ሲሚያስ በግሪክኛ በእንቁላል፣ በክንፍና በመጥረቢያ ቅርጽ ግጥም ጽፏል። እኔን እንዲህ ያለው ብዙም አይደንቀኝም። ስለ ክንፍ የሚያወራን ግጥም በክንፍ ቅርጽ መደርደር ሙያ ነው፣ ያምራል፣ ግን አንድን ነገር ሁለቴ መናገር ነው። ነገሩ የሚከረው ቅርጹ ቃሉን ሲቃወመው ነው።

ለዚህ ብራዚሎችን የሚያህል የለም። እ.ኤ.አ. በ1952 ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ሦስት ወጣት ገጣሚዎች፣ ወንድማማቾቹ አውጉስቶና አሮልዶ ዴ ካምፖስ ከዴሲዮ ፒኛታሪ ጋር ሆነው ኖይጋንድሬስ የተባለ ቡድን መሠረቱ። በ1964 ወታደሩ ሥልጣን ያዘ። በዓመቱ አውጉስቶ አንድ ሥራ አወጣ። በፖርቱጋልኛ “ሉሾ” ቅንጦት ነው፤ “ሊሾ” ደግሞ ቆሻሻ። ልዩነታቸው አንዲት ፊደል ናት። ገጣሚው “ሉሾ” የሚለውን ቃል በተሽሞነሞነ፣ የሽቶ ጠርሙስ ላይ በሚታይ ዓይነት ፊደል እየደጋገመ ደረደረው። ቀረብ ብሎ የሚያይ ቅንጦት፣ ቅንጦት፣ ቅንጦት ያነባል። ራቅ ሲሉ ግን እነዚያ ሁሉ ቅንጦቶች ተገጣጥመው አንድ ትልቅ “ሊሾ” ሠርተዋል። ስድብ የለበትም፣ የማንም ስም አልተጠራበትም። በገጹ ላይ የታተመው ቃል አንድ ብቻ ነው።

ፖለቲካ ወደዚህ ጥበብ የሚሳበው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሳንሱር የሚያውቀው ዓረፍተ ነገር ማስመርን ነው። “ይህን መስመር አውጣ” ይላል። መስመር በሌለበት ምኑን ያውጣ? ባዶ ቦታም እንዲሁ ነው። የስዊዘርላንዱ ገጣሚ ኦይገን ጎምሪንገር “ዝምታ” የሚለውን ቃል 14 ጊዜ ደርድሮ መሐሉን ክፍት ትቶታል፤ ዝምታው ያለው ቃሉ ላይ ሳይሆን ክፍቱ ላይ ነው። እሱ ይህን ሲሠራ ፖለቲካ አላሰበ ይሆናል። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ሕግ ሳንሱርን እስኪያስቀር ድረስ ጽሑፉን ለመርማሪ ያስረክብ የነበረ የእኛ አገር ጸሐፊ ግን ያን ክፍት ቦታ በሌላ ዓይን ያነበዋል።

ህትመቱስ? የተቃውሞ ጥበብ ስክሪን ፕሪንትን፣ ማለትም ቀለምን በስስ ጨርቅ አሳልፎ ማተምን፣ የወደደው ርካሽ ስለሆነ ነው። የእንጨት ፍሬም፣ የተወጠረ ስስ ጨርቅ፣ ብርሃን ሲያገኘው የሚደርቅ ፈሳሽ፣ ቀለም መግፊያ ጎማ፣ በቃ። ማታ ይሠራል፣ ጠዋት ተጠቅልሎ ይደበቃል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1968 የፓሪስ ተማሪዎች የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤታቸውን ይዘው ፖስተር ሲያትሙ፣ ብዙም ሳይቆዩ ከድንጋይ ህትመት ወደዚህ የዞሩት ስለሚፈጥን ነው። ፊርማም አያኖሩበትም ነበር።

ታዲያ መፈክርስ ምስላዊ ግጥም ነው? አይደለም። ደርግ ምስልና ቃልን ማጋባት አሳምሮ ያውቅበት ነበር፤ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ግዙፍ ሥዕል ከአብዮት አደባባይ፣ “ኢትዮጵያ ትቅደም” ከየግድግዳው። መፈክር ግን ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት እንዲያነብ ይፈልጋል። ምስላዊ ግጥም አንባቢውን ከሁለት ንባብ መሐል አቁሞት ይሄዳል።

እዚህ ላይ አማርኛ የታደለ ነው። ሰምና ወርቅ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ጆሮ ጥበብ ነው፤ ጽሕፈታችን ግን የራሱ ሰምና ወርቅ አለው። ጠብቆ የሚነበበውና ላልቶ የሚነበበው አንድ ዓይነት ይጻፋላ! “ድሃ ይበላል” ብዬ ልጻፍ። ካላላችሁት ድሃው እንጀራውን ይጎርሳል። ካጠበቃችሁት ድሃው ራሱ ተበዪ ነው። አፍ አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው፤ ወረቀት ሁለቱንም ይዞ ዝም ይላል። “ሕግ አለ”ም እንዲሁ ነው፦ ይኖራል ወይስ ተናገረ?

የፊደሎቹ ስም ደግሞ ሌላ ሀብት ነው። የኔታ ሲያስቆጥሩን “ንጉሡ ሠ”፣ “እሳቱ ሰ”፣ “ብዙኃኑ ኀ” ይሉን ነበር። “ንጉሥ” የሚለውን ቃል በንጉሡ ሥ ፈንታ በእሳቱ ስ፣ ያውም በቀይ ቀለም የሚጽፍ ሰው ተሳሳተ እንበለው ወይስ ገጠመ? “ብዙኃን”ን ብዙኃኑን ፊደል ነስቶ “ብዙሃን” ብሎ የሚያትምስ? በየቀኑ እናደርገዋለን፣ ሳናስበው። እንደ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ያሉ ሠዓሊዎች ፊደልን ከድምፁ ነጥለው ቅርጹን ሸራ ላይ አስደንሰዋል። በግጥሙ በኩል ግን ፊደሉን ከነስሙ የሚያሠራው ሰው ገና አልበዛም ባይ ነኝ።

ወደ ሱቋ ልመለስ። ወረቀቱን ለልጁ አሳየሁት። አየት አድርጎ ሳቀ፤ ከዚያ ቆም ብሎ “ጋሼ፣ ‘አለ’ን አላልተው ካነበቡትኮ ድምፁ ራሱ እየተናገረ ነው” አለኝ። እኔ አላየኋትም ነበር። ተደስቼ “እንግዲያው ሃምሳ ኮፒ በደንብ አስተካክለህ አትምልኝ” አልኩት።

እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወረቀቱን መለሰልኝ።

“እንደሱ ሲያዩት ብልሽት ነው፤ ማንም ምንም አይለኝም። አስተካክዬ ላትመው ካሉ ግን፣ ጋሼ፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያመጣሉ።”