ከዲያርባክር እስከ አዳማ፦ የከሸፈው የቱርክ መፈንቅለ መንግሥት ማንን ነካ?

ሐምሌ 8 ቀን 2008 ዓ.ም. ማታ የቱርክ ጦር አንድ ክፍል የኢስታንቡልን ድልድይ በታንክ ዘጋ፣ አንካራ ላይ ፓርላማውን ከአየር ደበደበ። ፕሬዝዳንት ኤርዶዋን በቪዲዮ ጥሪ ቴሌቪዥን ላይ ብቅ አሉ። ጋዜጠኛዋ ስልኳን ወደ ካሜራው አዙራ ይዛለች፤ እሳቸው በስልኩ ውስጥ ሆነው ሕዝቡን አደባባይ ጠሩት። ሕዝቡም ወጣ። ሲነጋ ነገሩ ከሽፏል፤ ከሴረኞቹ ሌላ ወደ 250 ሰው ሞቷል። መንግሥት ጣቱን የቀሰረው አሜሪካ በስደት ይኖሩ በነበሩት የሃይማኖት ሰው ፌቱላህ ጉለን ላይ ነው። እሳቸው ግን አስተባበሉ።

ዱላው ግን እዚያ ላይ አልቆመም። ኩርዶች የሚበዙበት ኤችዲፒ ፓርቲ መፈንቅለ መንግሥቱን ወዲያው አውግዟል። ነሐሴ 1 ቀን ኢስታንቡል ላይ ትልቁ የአንድነት ሰልፍ ሲጠራ ግን የሌሎቹ ተቃዋሚዎች መሪዎች ተጋበዙ፣ ኤችዲፒ ቀረ። ጳጉሜን ላይ ከ11 ሺህ በላይ መምህራን «ከፒኬኬ (ከኩርዶች ታጣቂ ድርጅት) ጋር ንክኪ አላቸው» ተብለው ከሥራ ታገዱ። እኛ እንቁጣጣሽ በምንልበት በመስከረም 1 ደግሞ 28 ከንቲባዎች ተነሱ፤ አብዛኞቹ እንደ ዲያርባክር ባሉ የኩርዶች አካባቢዎች የተመረጡ ነበሩ። በዚያው ወር ለልጆች ካርቱን በኩርድኛ የሚያሳይ ጣቢያ ሳይቀር ተዘጋ፣ በኋላ ቢከፈትም። ጥቅምት 25 የኤችዲፒ መሪዎች ደሚርታሽና ዩክሴክዳግ ታሰሩ። ያለመከሰስ መብታቸው የተነሳው ከሐምሌው ሌሊት በፊት ስለነበር፣ ሙከራው ሰበብ ሆነ እንጂ ጠቡን አልወለደውም ባይ ነኝ። አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሁለት ዓመት ቆየ። በ2009 እዚህም አዋጅ ስለነበር፣ የአዳማ ሰው ቃሉን ማስተርጎም አላስፈለገውም።

ውጭም ብዙ ነገር ተነካካ። በሄሊኮፕተር ግሪክ የገቡትን ስምንት ወታደሮች የግሪክ ፍርድ ቤት አልመልስም አለ። ጉለን ተላልፈው አለመሰጠታቸውና የአሜሪካዊው ፓስተር ብራንሰን ቱርክ ውስጥ መታሰር ሁለቱን አገሮች አኳረፈ። ከአሜሪካ የመጣው ማዕቀብና ቀረጥም በ2010 መጨረሻ ገደማ የቱርክን ገንዘብ ሊራን የባሰ ጣለው። ኤርዶዋን ከሙከራው በኋላ ወር ሳይሞላ ፑቲን ዘንድ ሄዱ። ቱርክ በ2011 የሩሲያውን የአየር መከላከያ ሚሳይል ኤስ-400 ስትረከብ አሜሪካ ከኤፍ-35 የጦር ጄት ፕሮግራም አስወጣቻት።

ወደ እኛ ሰፈር የመጣው በትምህርት ቤት በኩል ነው። ሶማሊያ ከጉለን ጋር የተያያዙትን ትምህርት ቤቶች ወዲያው ዘጋች። ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ ዘገየ፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበሩት ማሪፍ ለተባለው የቱርክ መንግሥት ተቋም የተላለፉት በ2013 ነው። አዳማ ላይ ቱርክ ማለት ይልቁንም ሥራ ነው። በከተማው የቱርክ ባለሀብት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከፍቷል፤ ወረድ ሲሉ ከአዋሽ ወደ ወልዲያ የሚያቀናውን ሐዲድ ግንባታ የያዘው የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ ነበር። ቃና ቲቪም የቱርክ ድራማ በአማርኛ ማሳየት የጀመረው በዚያው በ2008 ነው። ከሙከራው በኋላም አላቆመም።