አማና ምንድን ነው?

አማና ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ አማርኛው «አደራ» ይለዋል። ኢማን (እምነት) የሚለው ቃልም ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። አማርኛም «አመነ»፣ «እምነት»፣ «ታማኝ» ሲል ያንኑ ሥር ስለሚጋራ፣ በአማኝና በታማኝ መካከል ያለው ዝምድና ለአማርኛ ተናጋሪ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ነቢይ ሆነው ከመላካቸው በፊት የመካ ሰዎች «አል-አሚን»፣ ታማኙ፣ ይሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ622 ወደ መዲና ሲሰደዱ የብዙ ሰው ንብረት እጃቸው ላይ ነበር፤ ከባለንብረቶቹም ሃይማኖታቸውን ያልተቀበሉ ነበሩበት። ሊገድሏቸው በተዶለተበት ሌሊት ሲወጡ የአጎታቸውን ልጅ ዐሊይን (ረ.ዐ) ከኋላ አስቀሩት፤ እርሱም 3 ቀን ቆይቶ አደራውን ለየባለቤቱ ካስረከበ በኋላ ተከተላቸው። ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ሕግ ግልጽ ነው፦ የባለቤቱ ሃይማኖትም ሆነ ጠላትነቱ አደራውን የራስ አያደርገውም።

ብዙ ሰው አማና ሲባል የሚታየው እንዲህ ለጥበቃ የተሰጠ ገንዘብ ወይም ዕቃ ነው። ትክክል ነው፤ ግን የነገሩ አንድ ጥግ ብቻ ነው። በእስልምና አማና ማለት በሰው እጅ ያለ፣ የሰውየው ያልሆነ፣ ባለቤቱም አንድ ቀን «የት አደረስከው?» ብሎ የሚጠይቅበት ነገር ሁሉ ነው። ገንዘብ፣ አካል፣ ልጅ፣ ሥልጣን፣ ምስጢር፣ እንስሳ፣ ውሃ፣ መሬት፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ለምን እንዲህ ሰፋ? ስድስቱ የኢማን መሠረቶች በአላህ፣ በመላእክቱ፣ በመጻሕፍቱ፣ በመልክተኞቹ፣ በመጨረሻው ቀንና በቀደር (በአላህ ውሳኔ) ማመን ናቸው። ከነዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይበቃል። በአላህ ማመን «የሁሉ ባለቤት አንድ ነው» ማለት ነው። በመጨረሻው ቀን ማመን ደግሞ «ባለቤቱ ይጠይቃል» ማለት ነው። ባለቤት ካለ፣ ባለቤቱም ጠያቂ ከሆነ፣ መካከል ላይ የቆመው ሰው ባለአደራ ከመባል ሌላ ስም የለውም። ቁርኣን በሱረቱል አህዛብ አንቀጽ 72 አማና ለሰማያት፣ ለምድርና ለተራሮች ቀርቦ መሸከሙን እንደፈሩና ሰው እንደተሸከመው ይናገራል። በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 30 ሰው በምድር ላይ «ኸሊፋ»፣ ማለትም ምትክ፣ ተብሏል። በሱረቱል ሐዲድ አንቀጽ 7 ደግሞ ሰዎች ተተኪ ከተደረጉበት ገንዘብ እንዲለግሱ ታዘዋል። ገንዘቡ «የእናንተ» ሳይሆን «ተተኪ የተደረጋችሁበት» መባሉን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ሙስሊም የተባሉት የሐዲስ (የነቢዩ ንግግርና ተግባር ዘገባ) ሰብሳቢ እንደዘገቡት ኢማን ከስልሳ ወይም ከሰባ በላይ ቅርንጫፎች እንዳሉት ነቢዩ ተናግረዋል፤ ከፍተኛው «ላ ኢላሀ ኢለላህ» (ከአላህ ሌላ አምላክ የለም) ማለት፣ ዝቅተኛው ሰውን የሚጎዳ ነገር ከመንገድ ማስወገድ ነው። ከመንገድ መሐል ድንጋይ ማንሳትና የተውሂድ (የአላህ አንድነት) ምስክርነት የአንድ ዛፍ ቅርንጫፎች ሆኑ ማለት ነው። ይህን ሐዲስ በሚገባ የያዘ ሰው ሃይማኖትን ለመስጊድ፣ ጽዳትን ለማዘጋጃ ቤት አይከፍልም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። በፊቅህ (በእስልምና የሕግ ትምህርት) ለጥበቃ የተሰጠ ዕቃ «ወዲዓ» ይባላል፤ የራሱ ሕግም አለው። ተቀባዩ የራሱን መሰል ዕቃ በሚያስቀምጥበት ቦታ ያስቀምጠዋል። ጥፋት ወይም ቸልተኝነት ሳይኖርበት ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል ካሳ የለበትም። ሲጠየቅ ሳያዘገይ ይመልሳል። ነገሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በስርቆት አይደለም፤ «ለሁለት ቀን ብሠራበት ምን አለበት፣ እተካዋለሁ» በሚል ሐሳብ ነው። ያለፈቃድ ከተነካባት ሰዓት ጀምሮ፣ በብዙ ሊቃውንት ዘንድ፣ ኃላፊነቱ ወደ ተቀባዩ ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ያለጥፋቱ እንኳ ቢጠፋ ይከፍላል። ከራሱ ገንዘብ ጋር መለየት እስኪያቅት ቢቀላቅለውም እንዲሁ ነው። መፍትሔው ሲቀበሉ አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ «እንዳለ ላስቀምጠው ወይስ ልጠቀምበት ትፈቅድልኛለህ?» ከፈቀደ ነገሩ አደራ መሆኑ ቀርቶ ቀርድ፣ ማለትም ብድር፣ ይሆናል፤ ምንም ይምጣ ምን ይከፈላል።

ሌላው ስንፍና አለመጻፍ ነው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ስለ ብድር መጻፍና ስለ ምስክር የሚናገር መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ነቢዩም ኑዛዜ የሚያስፈልገው ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ተጽፎ ከእርሱ ዘንድ ሳይኖር ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው ተናግረዋል። ስለዚህ አደራው በተጠቀለለበት ላይ የባለቤቱ ስም፣ መጠኑና የተሰጠበት ቀን ይጻፍ፤ ከቤተሰብም አንድ ሰው ይወቅ። ይህ ካልተደረገ ተቀባዩ በሞተ በሳምንቱ ወራሾቹ የሰውን ንብረት የአባታችን ነው ብለው ሊካፈሉት ይችላሉ፤ እነርሱም ሳያውቁ፣ እርሱም ማስረዳት ሳይችል።

ንግግርም አደራ ነው። አንድ ሰው አንዳች ነገር ነግሮ ዞር ዞር ብሎ ግራ ቀኙን ካየ ያ ንግግር አማና እንደሆነ በሐዲስ ተነግሯል። «ለማንም እንዳትናገር» መባል የለበትም፤ አንገቱን ማዞሩ በቂ ነው።

ወደ ድሆች ሐቅ (መብት) ስንመጣ ዘካ፣ ማለትም ግዴታ የሆነው ምጽዋት፣ የለጋሹ ቸርነት አይደለም። ገንዘቡ ውስጥ የተቀመጠ የሌላ ሰው ድርሻ ነው፤ ባለሀብቱ ለጊዜው ይዞታል እንጂ። 85 ግራም ወርቅ ወይም ዋጋው ያለው ሰው አንድ የጨረቃ ዓመት፣ በግምት 354 ቀን፣ ከሞላው 2.5 በመቶ ያወጣል። የእህሉ ሥሌት ይበልጥ ልብ ይነካል፦ ምርቱ 5 ወስቅ፣ ማለትም 300 ሷዕ (ሁለቱም የጥንት መስፈሪያ ናቸው)፣ ሲደርስ በዝናብ ከበቀለው አንድ አስረኛ፣ በወጪና በድካም ከጠጣው አንድ ሃያኛ ይወጣል። ገበሬው ውሃ ሲቀዳ የደከመው ድካም ታስቦለታል፤ ሰማይ በነጻ ያጠጣለት ደግሞ እጥፍ ይሰጣል። እዚህ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች የታወቁ ናቸው፦ ነጋዴ ትርፉን ብቻ ቆጥሮ ለሽያጭ ያስቀመጠውን ዕቃ መርሳት፣ የገባበትን ቀን ሳይመዘግቡ ዓመቱን በግምት ማስላት፣ ከምርቱ መናኛውን መርጦ መስጠት። የመጨረሻውን ሱረቱል በቀራ አንቀጽ 267 በግልጽ ከልክሎታል።

ሥልጣን የያዘ ሰው ራሱን የሚፈትንበት መለኪያም አለ። ኢብኑል ሉትቢያ የሚባል ሰው ዘካ ሊሰበስብ ተልኮ ሲመለስ «ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ደግሞ ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው» አለ። ነቢዩ በሚንበር (በመስጊዱ መስበኪያ) ላይ ቆመው፣ ሰውየው አባቱ ወይም እናቱ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ስጦታው ይመጣለት እንደሆነ ለምን አያይም ሲሉ ጠየቁ። መመዘኛው ይኸው ነው፦ ወንበሩ ባይኖር ይህ ነገር ይመጣ ነበር?

እንስሳት መናገር ስለማይችሉ ሊቃውንቱ የእነርሱን አደራ አጥብቀው ይዘውታል። በ660 ሂጅሪያ (እ.ኤ.አ. 1262) ያረፉት ሊቅ ዒዝ ኢብን ዐብዱሰላም የእንስሳትን ሐቅ ሲዘረዝሩ፦ ባለቤቱ እንስሳው አርጅቶም ሆነ ታሞ ጥቅም ባይሰጥ እንኳ ይቀልበው፣ ከአቅሙ በላይ አይጫነው፣ ከሚጎዳው እንስሳ ጋር አያድርገው፣ ማደሪያውን ያመቻችለት፣ ግልገሉንም እናቱ እያየች አይረድ ብለዋል። መቀለብ ያቃተው ባለቤት እንዲሸጥ፣ እንዲያከራይ ወይም የሚበላ ከሆነ እንዲያርድ እንደሚገደድ በፊቅህ ተቀምጧል። እርዱም ላይ የሐዲስ ሰብሳቢው ሙስሊም የዘገቡት ትእዛዝ አለ፦ ቢላዋው ይሳል፣ እንስሳው ይረፍ። ደነዝ ቢላዋ የዘነጋ ሰው «ቢስሚላህ» ማለቱ ብቻ አደራውን አልተወጣም። በሌላ በኩል በጫማው ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ምሕረት እንዳገኘ የሐዲስ ሰብሳቢው ቡኻሪ ዘግበዋል።

ውሃ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል፤ በየቀኑ አምስት ጊዜ የሚፈተኑበት አደራ ስለሆነ። ነቢዩ በ1 ሙድ ውዱእ (የሶላት ትጥበት) ያደርጉ፣ ከ1 ሷዕ (4 ሙድ) እስከ 5 ሙድ በሚሆን ውሃ ገላቸውን ይታጠቡ እንደነበር በሐዲስ ተረጋግጧል። ሙድ የመካከለኛ ሰው ሁለት እጅ ተገጣጥሞ የሚይዘው ነው፤ ከ0.6 እስከ 0.75 ሊትር ይገመታል። በደቂቃ 6 ሊትር የሚያወርድ ቧንቧ ለ2 ደቂቃ ተከፍቶ ቢቆይ 12 ሊትር ሄደ ማለት ነው፤ ይህም ከ15 ሙድ በላይ ነው።

በ1 ሙድ መታጠብ የማይቻል የሚመስለው ውሃ ማፍሰስ ብቻ ተለምዶ ማሸት ስለተረሳ ነው። ውሃው በማንቆርቆሪያ ይቀዳ። ትንሽ ውሃ በመዳፍ ተይዞ ፊት ላይ ይደርሳል፤ የሚያዳርሰው እጁ ነው። ክንድ ላይም ከጣት ወደ ክርን እየፈሰሰ ሌላው እጅ ይከተለዋል። ራስ የሚታበሰው በረጠበ እጅ ነው፤ ውሃ አይፈስበትም። ውሃ በብዛት የሚባክነው እግር ላይ ነው፤ ሰው እግሩን ቧንቧ ሥር ደቅኖ ይቆማልና። በቀኝ እጅ ቀጠን አድርጎ እያፈሰሱ በግራው ተረከዝና በጣቶች መካከል ማሸት ውሃም ይቆጥባል፣ ደርቆ የሚቀር ቦታም አያስቀርም። አንድ ጊዜ ማዳረስ ግዴታ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሱና (የነቢዩ ልማድ) ነው፤ ከሦስት የጨመረ እንደበደለና ወሰን እንዳለፈ በሐዲስ ተነግሯል። ብዙ የሚያፈሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ግዴለሽ ሆኖ ሳይሆን «ደርሷል ወይስ አልደረሰም» የሚል ውስወሳ (ተደጋጋሚ ጥርጣሬ) ይዞት ነው። መድኃኒቱ የታወቀው የፊቅህ መርሕ ነው፦ እርግጠኛነት በጥርጣሬ አይሻርም። ካጠበ በኋላ የመጣበትን ጥርጣሬ አይመልስለት።

«በሚፈስ ወንዝ ላይ ብትሆንም አታባክን» የሚለው ሐዲስ በሰፊው ይጠቀሳል፤ የሐዲስ ሊቃውንት ግን ሰነዱ (የዘጋቢዎቹ ሰንሰለት) ላይ ድክመት አንስተዋል። መልእክቱ የሚቆመው በሱረቱል አዕራፍ አንቀጽ 31 «ብሉ፣ ጠጡም፣ አታባክኑም» በሚለው ቃልና ከላይ ባለው የሙድ ሐዲስ ነው፤ ደካማ ሰነድ መደገፍ አያስፈልገውም።

የጋራ ውሃም ሥርዓት አለው። በመስኖ ውሃ የነቢዩ ባልደረባ ዙበይርና አንድ አንሷሪ (የመዲና ተወላጅ ሙስሊም) ሲከራከሩ ነቢዩ የሰጡት ፍርድ፣ ከላይ ያለው ገበሬ መሬቱ ላይ ውሃው ቁርጭምጭሚት እስኪደርስ ያጠጣና ወደ ታች ይልቀቅ የሚል መለኪያ ሆኖ ተወስዷል። የተረፈ ውሃ አይከለከልም። በቆመ ውሃ ውስጥ አይሸናም። ሰዎች በሚሄዱበት መንገድና በሚያርፉበት ጥላ መጸዳዳት እርግማን የሚያመጣ ተግባር ተብሏል። ከደኅና ሰው የማይጠበቅ ይመስላል፤ ግን ወንዝ ውስጥ ቆሻሻ የሚለቅ ሰው የሚሠራው ይህንኑ ነው፣ በብዙ እጥፍ።

መሬትን በተመለከተ፣ ባለቤት የሌለውን ሙት መሬት ያለማ ሰው መሬቱ የእርሱ ይሆናል፤ አጥሮ ብቻ ሳያለማ 3 ዓመት ያቆየ ግን መብት እንደማይኖረው ከነቢዩ ተተኪ መሪ ከዑመር (ረ.ዐ) ተዘግቧል። መሬት ተይዞ የሚቀመጥ ሳይሆን የሚሠራበት ነውና። ሙስሊም ተክል ተክሎ ወፍ፣ ሰው ወይም እንስሳ ከበላለት ሰደቃ (ምጽዋት) ይሆንለታል። ወፏን ከማሳ ማባረር አይከለከልም፤ ቀድማ የበላችው ግን ከኪሳራ አይቆጠርም።

አማና ጎድሎ ከሆነስ? ተውበት (ንስሐ) ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ማቆም፣ መጸጸትና ላለመመለስ መቁረጥ። የሰው ሐቅ ካለበት አራተኛ ይጨመራል፤ መመለስ። ሌሊቱን ሙሉ ኢስቲግፋር (ምሕረት መለመን) ቢደረግ ይህን አራተኛውን አይተካም። ባለቤቱ ከሞተ ለወራሾቹ ይሰጣል። ተፈልጎ ካልተገኘ በእርሱ ስም ሰደቃ ይወጣል፤ በኋላ ብቅ ካለ ምርጫው የእርሱ ነው፤ ምንዳውን ሊቀበል ወይም ገንዘቡን ሊያስከፍል ይችላል። መንገድ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከልል የተወ ሰው ለወደቀበት ሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ ይቅርታ ከመጠየቁ በፊት ግን ጉድጓዱን ይድፈን። ራሱን ማጋለጥ የሚያሳፍረው ወይም ጠብ ያመጣል ብሎ የሚፈራ ሰው ስሙን ሳይናገር በሌላ ሰው እጅ ማድረስ ይችላል፤ የሚፈለገው ገንዘቡ ሳይጎድል ባለቤቱ እጅ መግባቱ ነው።