ስልክ መጎርጎርና መረጃ ማጣራት ለየቅል ነው

ደሴ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ ነው የማስተምረው። ተማሪ ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን እንዴት ያጣራ የሚለው ነገር በተነሳ ቁጥር ስታፍ ውስጥም ከወላጅም የሚደጋገሙ አባባሎች አሉ፣ አንዳንዶቹን እኔም ራሴ ስል ነበር እኮ።

"የዘንድሮ ልጅ ከስልክ ጋር ነው የተወለደው፣ ለሱ አይነገርም"

ጣታቸው ፈጣን ነው አልክድም፣ ቪዲዮ ቆርጦ መቀጠል ምናምን ከኔ መቶ እጥፍ ይሻላሉ። ግን በፈረንጆች 2017 ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማግሩ የሚባሉ አሜሪካ ያለው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት አለ፣ 10 የታሪክ ዶክተሮች፣ ስራቸው መረጃ ማጣራት የሆነ 10 ሰዎችና 25 የዛው የስታንፎርድ ተማሪዎች ዌብሳይት እየታየ ይታመናል አይታመንም በሉ ተባሉ። ተማሪዎቹ ብቻ ሳይሆኑ የታሪክ ምሁራኑም ብዙ ጊዜ በሎጎና በዌብሳይቱ ስም ተሸወዱ (የሙያ አጋሮቼ ስለሆኑ ትንሽ አሞኛል)። አጣሪዎቹ ግን ገፁ ላይ ቆይተው አልተፈላሰፉም፣ ወዲያው ሌላ ታብ ከፍተው ይሄን ያቋቋመው ማነው፣ ሌላው ሰው ስለሱ ምን ይላል ብለው ፈለጉ፣ አለቀ። እኛ ሰኞ ገበያ በግ ልንገዛ ስንሄድ የሻጩን ምላስ ብቻ ሰምተን ብር እናወጣለን? ዞር ዞር ብለን ሌላ ቦታ እንጠይቃለን እንጂ። ለልጆቹም የምነግራቸው እሱኑ ነው።

"ጥሩ ዌብሳይት ሲያዩት ያስታውቃል"

አያስታውቅም። መጨረሻው ዶት ኦርግ የሆነ ስም ማንም ከፍሎ ያስመዘግባል። አንዳንድ ብራውዘር ላይ አድራሻው ጋ የምትታየዋ ቁልፍም አንተና ዌብሳይቱ የምትለዋወጡት ነገር መሃል ላይ በሌላ ሰው እንዳይነበብ ነው እንጂ ባለቤቱ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፣ አጭበርባሪም ቁልፍ አለው።

"ዊኪፒዲያን መከልከል ነው፣ ማጣራት ማስተማር ደሞ ልጁን ሁሉን ተጠራጣሪ ያደርገዋል"

ሁለቱን አንድ ላይ ያደረግኩት አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አብረው ስለፈረሱብኝ ነው። የከተማችን ስም ከየት መጣ ብዬ አሳይመንት ሰጠሁ። ሁሉም ከኢንተርኔት ያመጡት አንድ ታሪክ ነው፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ተደስተው "ደሴ" አሉት፣ ደስታዬ ለማለት፣ ጊዜው 1882። ግማሹ ልጅ 1882 ዓ.ም ብሎ ፃፈ። እኔ ደሞ አፄ ዮሐንስ መቼ ነው የሞቱት አልኳቸው። መተማ፣ መጋቢት 1881። ክፍሉ ዝም አለ፣ ከዛ አንዱ ከኋላ "ፌክ ነው!" ብሎ ጮኸ፣ ሁሉም ተቀበለው። ቆይ፣ ፌክ ለማለትም መፈለግ ያስፈልጋል አልኩና ስለኮከቡ ብቻ ፈልጉ አልኳቸው። በማግስቱ ያመጡት፣ በፈረንጆች መስከረም 1882 በቀን ብርሃን ሳይቀር የታየ ትልቅ ጅራታም ኮከብ እንደነበረ ነው፣ በኛ መስከረም 1875 ማለት ነው፣ ንጉሱም በህይወት አሉ። ቁጥሩ የፈረንጅ ሆኖ ሳለ ዓ.ም የምትለዋን እነሱ ናቸው የጨመሩባት። የከተማው ስም ከኮከቡ መጣ የሚለው ግን እስካሁን አፈ ታሪክ ነው፣ ኮከቡ መታየቱ ስሙን አያረጋግጥም፣ ይሄንንም ለይተው ፃፉ። ዊኪፒዲያ የጠቀማቸው ታች የተደረደሩትን ምንጮች ከፍተው ሲያዩ ነው፣ ከልክዬ ቢሆን ተደብቀው ይገለብጡና ያስረክቡኝ ነበር።

"ይሄ ሁሉ ሰው ሼር ያደረገው ውሸት ሊሆን ነው?"

አዎ ሊሆን ይችላል። በፈረንጆች 2018 ሳይንስ የሚባል መፅሄት ላይ የወጣ የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ትዊተር ላይ ከ2006 እስከ 2017 የተሰራጩ 126,000 ገደማ ወሬዎችን አይቶ የውሸቱ ወሬ መልሶ የመጋራት እድሉ ከእውነቱ በ70 ፐርሰንት ይበልጣል አለ፣ ያውም ዋናው አሰራጪ ሮቦት ሳይሆን ሰው ነው። በሬ ወለደ ሲባል ለመስማት እኛም እንቸኩላለን እኮ።

"ኤአይ ጠይቄ ነው ያመጣሁት"

ኤአይ የሌለ መፅሃፍ ከነደራሲው ፈጥሮ ይሰጥሃል፣ ያውም ሳያፍር። መፅሃፉን ፈልገህ ካጣኸው አትጥቀሰው፣ በቃ።

"የኮምፒውተር ላብ የለንም፣ ኔትወርክ የለም፣ በምን እናስተምረው"

ይሄን የምትለኝ ኮምቦልቻ የምታስተምር ጓደኛዬ ናት፣ እውነቷንም ነው፣ ግን እኔ የማደርገው አንድ ፖስት ስክሪንሹት አድርጌ በወረቀት ማሳተም ነው፣ ለአራት ልጅ አንድ ይደርሳል። ሰሌዳው ላይ ሶስት ጥያቄ እፅፋለሁ፦ ማነው ያለው? ማስረጃው ምንድነው? ሌሎችስ ምን ይላሉ? ሶስተኛውን ቤት ሄደው ዳታ ሲያገኙ ይጨርሱታል። ቀን ያለበት ፖስት ሲሆን አራተኛ ጥያቄ እኔ አልፅፍም፣ አሁን አሁን ኖት ስሰጥ እንኳን ዓመተ ምህረት ብቻዋን ካስቀመጥኩ ከፊት ወንበር የምትቀመጠው ልጅ እጇን ታወጣለች፣ "ቲቸር፣ በኛ ነው በፈረንጅ?"